የመሸኛው ቀሚስ

እናቴን ከገዛ ልጇ ቤት ሰርቄ አምጥቻታለሁ አሉ። ሞጣ፣ እህቴ ሰፈር እንዲህ እየተባለ ይወራል፤ ወሬው ቢቸና ድረስ መጥቶ እኔው ጆሮ ገብቷል። ያውሩ። እኔ እናቴን ይዣት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ በእልልታ ነው። ስርቆት እንዲህ ከሆነ ሌባ ነኝ፣ ምን ይጠበስ!

ሁለት እህትማማቾች ነን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እህቴ ታላቄ ናት፤ ዲግሪ ይዛ ሞጣ ቢሮ ገብታለች፤ ባሏም የቢሮ ሰው ነው። እኔ ቢቸና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ይህን የሚያስታውሰኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ እህቴ ብቻዋን ትበቃኛለች። ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ መኪና እረግጣለሁ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልወድም፤ እግሬ እየሠራ መቀመጥ ግን ይሆንልኛል።

ይህን ከእናቴ ነው የወረስኩት። እናቴ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ቁጭ አለች ከተባለ እንዝርት ይዛ ነው። ጠዋት ኪዳን አድርሳ ትመለሳለች፣ ዶሮዎቿን ትፈታለች፣ ጓሮ ገብታ ጌሾዋን ታያለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለእኛ ስትሠራ ትውላለች። «እኛ» ስል ትልልቅ ሰዎች ማለቴ ነው። እህቴ ደመወዝተኛ ናት፣ ባል አላት፣ ፍሪጅ አላት፤ ግን በርበሬዋ፣ ሽሮዋ፣ ቅቤዋ ከቢቸና ነው የሚሄደው። እናቴ ዕቃውን ሚኒባስ ላይ አስጭና ስታበቃ እንኳ አታርፍም፤ ሹፌሩ ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ትደውልለታለች።

«ልጄ፣ ጀሪካኑን ሞተሩ አጠገብ አድርገኸዋል እንዴ? ቅቤ እኮ ነው!»

«እማማ፣ ቅቤውን ከራሴ በላይ ነው የያዝኩት።»

«እሱማ እንዴታ፣ የአንተ ራስ አይቀልጥም።»

እህቴ ልጅ ፈልጋ ዓመታት ጠብቃለች። ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልሄደችበት ሐኪም የለም። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። እናቴ ስልኩን እንደያዘች መሬቱን ሳመች። በማግስቱ የአጥሚቱን እህል፣ የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ ተልባውን ቋጥራ ልጇን ልታርስ ሞጣ ወረደች። ስትወጣ እኔን ደጃፍ ላይ አቁማ፣ «ክርስትናዋ ሲነሳ እመለሳለሁ። ቤቱን ጠብቂ፣ ዶሮዎቹን እንዳትረሺ፣ ጣሪያው ቢያፈስ ሰው ጥሪ» አለችኝ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ ትመጣለች ማለት ነው።

ኅዳር ገባ፤ ክርስትናው ተነሳ። እኔም ሄጄ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ፣ ሥራ ስለነበረኝ በማግስቱ ተመለስኩ። እናቴ ግን ቀረች። «ልጅቷ ትንሽ ትጠናላቸው» አለች። ኅዳር ወጣ። ታኅሣሥ ወጣ። ገናን ብቻዬን ዋልኩ፤ የጎረቤት ዶሮ ወጥ በልቼ።

በየምሽቱ ትደውላለች። ስለ እኔ ጤና የምትጠይቀው አንዴ ነው፤ የቀረው ስለ ቤቱ ነው።

«ቄቧ ጣለች?»

«ጣለች።»

«የአባትሽን ፎቶ አቧራ አራገፍሽለት?»

«አራገፍኩ።»

«ጌሾውን ሰው አልቆረጠብኝም? በማእዘኑ በኩል ያለው ቆርቆሮ አልተነሳም? ኋላ ንፋስ ይገባና ጥርሳችሁን ይወስደዋል።»

የጥርሱ ነገር እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን የወተት ጥርሳችን ሲወልቅ ጣሪያ ላይ እንወረውር ነበር፤ የማንኛውም ልጅ ነገር ነው። እናቴ ግን ጥርሶቹ እስከ ዛሬ እዚያው አሉ ብላ ታምናለች። ቆርቆሮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል እላታለሁ። «ቆርቆሮው ይቀየር፣ ጣሪያው ያው ነው» ትለኛለች። እህቴ «ቢቸናን ትተሽ እኛ ጋ ነይ» ባለቻት ቁጥር መልሷ ይኸው ነበር፤ «የጥርሳችሁ ዘበኛ ነኝ፤ ዘበኛ ጥሎ ይሄዳል?» ያስቃል። ከሳቁ በኋላ ግን ማንም መልሶ አይጠይቃትም፤ ለዚህ ነው የምትለው።

አሁን ግን ዘበኛዋ ጥላ ሄዳለች፤ በስልክ ትጠብቃለች።

ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ከበደ። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን ሴቶቹ ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ የደገሰችው ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ጥር የእናቴ ናት። ከተዳረች ጀምሮ ጥር ሃያ አንድን ለሰው አሳልፋ አታውቅም። አባቴ በሞተበት ዓመት እንኳ ማቅ ለብሳ ደግሳለች። ጽዋውን እኔ በእሷ ፈንታ ተቀበልኩና ይዤ ገባሁ። ሴቶቹ ያዩኝ ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አሮጊት ደጃፍ ድረስ ሸኙኝና፣ «እንዲያው ልጄ፣ እናትሽ ትመጣለች? ወይስ ተራውን ለሌላ እናሻግረው?» አሉኝ።

«ትመጣለች።»

«እሷ አለች ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አይ እንግዲህ። ጠላውን ማን ሊጠምቀው ነው? አንቺ?»

እኔ ጠላ ብጠምቅ ማኅበርተኛው በሙሉ ሐኪም ቤት ይተኛል። እሳቸውም ያውቁታል፤ እየሳቁ ሄዱ። እኔ ግን ጽዋውን ከአባቴ ፎቶ ሥር አስቀምጬ ትክ ብዬ ሳየው ቆየሁ። እናቴ ተራዋን አሳለፈች ማለት፣ ቢቸናን ለቀቀች ማለት ነው። ሰው የሚገባው እንዲያ ነው። መጀመሪያ ጽዋው ይሻገራል፣ ቀጥሎ እድሩ፣ ቀጥሎ ቤቱ ይከራያል፤ ከዚያ እናቴ የእህቴ ጓዳ ውስጥ የምትኖር አሮጊት ትሆናለች።

በስልክ ነገርኳት። «እግዜር ያውቃል፤ መንገዱም አያስተማምንም እያሉ ነው» አለችኝ። «እያሉ ነው» ያለችው ነገር አልጣመኝም።

ከጥምቀት ማግስት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሴት ናት፤ ድምጿ እንደ ገበያ ሴት ጮክ ያለ።

«የእህትሽ ጎረቤት ነኝ፤ ጨርቅ የምሸጠው። ቁጥርሽን ከእናትሽ ስልክ ወስጄ ነው፣ አትቆጭኝ።»

አወቅኋት። ከአያት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ሞጣ የነገዱ የእስላም ቤተሰብ ናት፤ ለክርስትናው ጊዜ ለሕፃኗ መታቀፊያ ያመጣችው እሷ ነበረች። «ምነው እትዬ፣ እናቴ ደኅና አይደለችም እንዴ?» አልኳት።

«ደኅናስ ደኅና ናት። ሕፃኗን አዝላ እኔ ሱቅ ደጃፍ ትቀመጣለች። የቢቸና መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷ አብሮ ይዞራል። እኔ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም፤ ወላሂ አልገባም። ግን ሌላ ልጅ አለቻት ሲባል ሰምቼ ነው።»

«አለቻት» አልኩ። ለአሠሪዬ ነግሬ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ።

መንገዱ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ወጣን። ደብረ ወርቅ ላይ ሹፌሩ ሰው ሞልቶ ሳለ ሰው ይጠብቃል፤ ተጨቃጨቅን። ሞጣ የደረስኩት ምሳ ሰዓት አልፎ ነው።

የእህቴ ግቢ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ባልና ሚስቱ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። እናቴ ጓሮ ናት፤ ሕፃኗን አዝላ የሕፃን ጨርቅ ታጥባለች። አላየችኝም። እያጠበች ለሕፃኗ ታወራላታለች፤ ዝም ብዬ ሰማኋት።

«...ታዲያ እናትሽ ቆዳ ፈሪ ነበረች፤ ጎረቤት በግ ታርዶ ቆዳው ከተሰጣ በዚያ አታልፍም፣ ይነሳብኛል ብላ። አክስትሽ ደግሞ ምኗም አይፈራ! ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟት እጃቸውን ነከሰች። እዚያ ከጌሾው ሥር ቆመው ነው፤ እሳቸው እጃቸውን ይዘው ‹ይቺስ ጥርሷን ባርከን ነው የሰደድናት› አሉ። አያትሽ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጓዳ ገባ...»

የአምስት ወር ሕፃን። ምኑን ትሰማለች! የምታወራው ሁሉ የቢቸናው ቤት ውስጥ የሆነ ነው። እዚያ ጌሾ፣ እዚያ ጓዳ፣ እዚያ ጣሪያ። ሞጣ ስላለው ቤት የምትለው አንድ ነገር አልነበራትም።

«ያቺ የእህቴ ሠራተኛስ የት ሄደች?» አልኩ ከኋላዋ።

ደንግጣ ዞረች። አቅፋ ከሳመችኝ በኋላም መልሷን ጠበቅኩ። «ወጣች» አለች።

«መቼ?»

«ከክርስትናው በኋላ። ምን ትሠራለች፣ እኔ እያለሁ?»

ባልና ሚስቱ ማምሻውን ገቡ። እህቴ አቀፈችኝ፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ራት ላይ እኔ አፌን መያዝ አልቻልኩም። «እናቴን ልወስዳት ነው የመጣሁት፤ ጥር ሃያ አንድ ተራዋ ነው» አልኩ።

እህቴ እጇ እንጀራው ላይ ቀረ። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረው ግን ሁሌ ስብሰባ ላይ እንዳለ ነው።

«እህታችን፣ አሁን ሴኪዩሪቲው ጥሩ አይደለም። እማማን መንገድ ላይ ሪስክ ውስጥ አናስገባም። እዚህ ሪላክስ ያድርጉ ነው የምንለው።»

«ጋሼ፣ ለክርስትናው ዘመዶችዎ ከባሕር ዳር ሲመጡ መንገዱ ደኅና ነበር። ሪላክስ የሚሉትም ጨርቅ ማጠብ ከሆነ እርስዎም ትንሽ ቢሞክሩት?»

«አፍሽን ዝጊ!» ያለችኝ እናቴ ናት። ወደ እሱ ዞራ ደግሞ፣ «ይተዉአት ልጄ፣ መንገድ አድክሟት ነው፤ ይብሉ» አለችው።

እንግዲህ ይህ አንቱታ ነው እናቴን ጠፍሮ ያሰራት። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይፈራራሉ። እሱ እሷን አንቱ ይላል፤ እሷም በዕድሜ ልጇ የሚሆነውን ሰው አንቱ ትላለች። አንቱ የተባለን ሰው «ቤቴ ልሂድ፣ ሠራተኛችሁን መልሱ» ማለት ለእሷ ነውር ነው። እህቴ ደግሞ በባሏ አንቱታ ጥላ ሥር ቁጭ ብላለች። «ምን ጎደላት እዚህ?» ትለኛለች። «ቴሌቪዥን አላት፣ ሶፋ አላት፣ የልጅ ልጇን ታቅፋለች። አንቺ ወጥ የምትሠራልሽ አጥተሽ ነው።»

ይህም ትንሽ እውነት አለው። አልካድኩም። «አዎ፣ ወጥ አጥቻለሁ» አልኳት። «እሷ ግን ቤት አጥታለች።»

ጠዋት፣ እሁድ፣ እናቴን ማድ ቤት ለብቻዋ አገኘኋት። አጥሚት ታማስላለች፤ አራሷ ከተነሳች ስንት ጊዜዋ፣ አጥሚቱ ግን አላቆመም።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ሳልሸኝ?»

«ምን?»

«ሳይሸኙኝ ልወጣ? ልጇን ልታርስ የሄደች እናት ቀሚስ ሳትለብስ፣ ሳትመረቅ፣ እልል ሳይባልላት ትወጣለች? ጎረቤት ምን ይላል? ተጣልታ ወጣች፣ ልጇ አባረረቻት ይላል። ልጄ እዚህ አገር ገና ኗሪ ናት። ነውሩ ለሷ ይተርፋታል።»

ክርስትናው ዕለት ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር ነበረ፤ ድግሱ፣ ዳቦው፣ ዘፈኑ። የእናቴ መሸኛ ግን አልነበረም። እኔም እየጨፈርኩ ልብ አላልኩም። በእኛ ደንብ አራሷ ወይ ባሏ ያረሰቻትን እናት ቀሚስ ያለብሷታል፤ ያ ቀሚስ «አመሰግናለሁ» ነው፣ «ቤትሽ በሰላም ግቢ» ነው። ካልተሰጠ በሩ አልተከፈተም። እህቴ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቢቸና ነው ያደገችው፤ አያታችን እናታችንን አርሳ ስትመለስ የለበሰችውን ቀሚስ ከእኔ የበለጠ የምታስታውሰው እሷ ናት።

«እሺ» አልኩ። «ቀሚስ ነው የጎደለው? ልብስ ሰፊ አይደለሁ?»

እናቴና እህቴ ቅዳሴ ሲሄዱ ጨርቅ ነጋዴዋ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋን ግማሽ ከፍታ ብር ትቆጥራለች። ለእናቴ መሸኛ የሚሆን ጨርቅ ስጪኝ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰፋዋለሁ አልኳት። ከቦታዋ አልተነሳችም። ዓይኔን አየችኝ።

«የምን ሌላ ቀሚስ? እህትሽ ገዝታለች እኮ።»

«መቼ?»

«ከክርስትናው በፊት። ከእኔው ነው። ጥለቱን ራሷ መረጠች፤ ‹እናቴ ደማቅ አትወድም› ብላ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው የመረጠችው፤ ማሻአላህ፣ እናቷን ትወዳለች አልኩ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እስከ ዛሬ አልሰጠቻትም እንዴ?»

አልሰጠቻትም። ቀሚሱ ቁምሳጥኗ ውስጥ ነው። ከሰጠቻት እናቴ ትሄዳለቻ!

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እህቴን ከቅዳሴው መሀል በፀጉሯ ላወጣት ነበር። ነጋዴዋ ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ። ጩኸት አያስፈልግም። እማኝ ነው የሚያስፈልግሽ» አለችኝ።

እሷ እማኝ ስትል እኔ የገባኝ ጎረቤት ነው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሄድኩ። «እናቴ ዛሬ ልትሸኝ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ኑ» አልኩ። ማን ላከሽ ያለኝ የለም። አንዷ፣ «ጎሽ፣ እኛማ ረስተው ነው ብለን አፍረን ነበር» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያያት ነበር።

እህቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ሳሎኗ በነጠላ ሞልቷል። ባሏ ወንበር ሲያመላልስ አገኘችው፤ እንግዶቹን ማን እንደጠራ ሳያውቅ ወንበር የሚያመላልስ ሰው። እናቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አየችን። ገባት። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ ቆይ ብቻ፣ እቤት እንገናኝ የሚል ዓይን ነው።

ዳቦ ተቆረሰ። እኔ ቆምኩ።

«እታለም» አልኳት እህቴን፣ «እናታችን አንቺን አርሳ፣ ክርስትናሽን አስነስታ ጨርሳለች። ቀሚሱን አምጪ።»

«የምን ቀሚስ?»

ነጋዴዋ ከጥግ ሆና የራሷን ጣቶች ታያለች። ባሏ፣ «ፕሮግራሙ ድንገተኛ ስለሆነብን እንጂ...» ማለት ጀመረ።

«የምን ቀሚስ?» አለች እህቴ ደግማ፤ አሁን ግን ድምጿ የሕፃን ድምፅ ነበር።

«አንቺ የመረጥሽው» አልኳት። «ደማቅ ያልሆነው።»

እህቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ቆየች። ትቀራለች ብዬ ነበር። ስትመለስ ቀሚሱን እንደታጠፈ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ ከላስቲኩ እንኳ አልወጣም። እናቴ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ቀሚሱን አልሰጠቻትም፣ ይዛው ታለቅሳለች።

«አንቺ ከሄድሽ እኔ ይቺን ልጅ አላውቅበትም» አለች። «ስታለቅስ አላውቅም። ሲያማት አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ለምኜ ያገኘኋትን በእጄ ብትሞትስ?»

እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። ሰነፍ ናት፣ ራሷን ወዳድ ናት ብዬ ነበር የደረደርኩት። ያም ሆኖ አልተቀመጥኩም። ፈራሁ ማለት ሰው አስሮ ማስቀመጥን አያጸድቅም፤ ያን ጊዜም አላጸደቀም፣ ዛሬም አያጸድቅም።

እናቴ ጎንበስ ብላ ከእጇ ላይ ቀሚሱን ከነላስቲኩ ቀስ ብላ ወሰደችው። ራሷ ነች የወሰደችው። «እኔስ አንቺን ሳሳድግ አውቅ ኖሯል?» አለቻት። «አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቅስ ነበር። አባትሽ የቷን ላባብል እያለ ይዞር ነበር። እሺ አሁን ተነሺ፣ የሰው ፊት ነው።»

ቀሚሱን በነጠላዋ ላይ ደረበችው። ያኔ ነጋዴዋ ከጥጓ እልልታውን ለቀቀችው፤ ከክርስቲያኖቹ ቀድማ! ቤቱ ተቀበላት። አማች ተብዬው ተነስቶ የእናቴን ጉልበት ሊስም ሲል እሷ ቀድማ ትከሻውን ይዛ አነሳችው፤ «ይኑሩልኝ» አለችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እንግሊዝኛ፣ «ይቅር ይበሉን፤ በሰላም ይግቡ» አላት። ሠራተኛዋን በማግስቱ መልሰው እንደሚጠሩም በሰው ፊት ተናገረ። እማኝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ላይ ነበርን። ደብረ ወርቅ ልንደርስ ስንል እናቴ፣ «ቀሚሱን አውቀው ነበር» አለችኝ።

«ምን?»

«ልብሳቸውን አጥቦ አጣጥፎ ቁምሳጥን የሚያስገባው ማን ሆነና? በየሳምንቱ አየው ነበር። በራሷ እጅ እስክትሰጠኝ ጠበቅኳት። ሳይጎትቷት እንድትሰጠኝ ነበር የፈለግኩት። አንቺ ቀማሽኝ።»

ይህ አመመኝ። ቢሆንም ዝም አላልኩም። «ብትጠብቂ ጽዋው ያልፍሽ ነበር።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነበር።

«ያልፈኝ ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ደፋር!» አለችኝ። ስድብ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ቢቸና ስንደርስ ከሁሉ አስቀድማ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ጌሾውን፣ ከዚያ ዶሮዎቹን፣ ከዚያ የአባቴን ፎቶ። ፎቶው አቧራ ነበረው፤ በስልክ ዋሽቻት ነበር፣ ያዘችኝ። በዚያው ቀን ጥንስሱን ጠነሰሰች። ብቅሉንና ጌሾውን ለራሷ ትታ እኔን ውኃ ታስቀዳኝ ጀመር። ጥር ሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ ሲመጡ ጠላው ደርሶ፣ እናቴም የመሸኛ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ሰብሳቢዋ አሮጊት ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ሰጡሽ?» አሏት።

«ልጄ ናት የሰጠችኝ» አለች እናቴ። የትኛዋ እንደሆነች አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ አቅጣጫውን ቀይሯል። አሁን በየምሽቱ የምትደውለው እህቴ ናት። «እማዬ፣ ድዷ አብጧል፣ እጇን ስታላምጥ ነው የዋለችው፤ ምን ላድርግ?» ትላለች።

«ጥርስ ነው፣ ጥርስ! ድዷን በንጹሕ ጣትሽ አሸት አድርጊላት። አትደንግጪ።» እናቴ እንዝርቷን እያሾረች፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ነው። «ዋ ብቻ! ኋላ ሲወልቅ እዚያ ሞጣ ጣሪያ ላይ እንዳትወረውሩት። ይዛችሁልኝ ኑ።»

«ገና እኮ አልበቀለም፣ እማዬ።»

«አሁኑኑ ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

ለፋሲካ ሞጣ እሄዳለሁ ብላ ተነስታለች። ሠራተኛዋ አለች፣ ሕፃኗ ደኅና ናት፣ ማንም ነይ አላላትም። ግን በርበሬው ተደልዟል፣ ቅቤው ተነጥሯል፤ ለሹፌሩም ከአሁኑ ደውላለታለች። አልከለክላትም። እናቴ ናት፣ እግሯ የራሷ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ከሥራ ስወጣ የተረፈ ነጭ ጨርቅ ገዝቼ፣ በአሠሪዬ መኪና ላይ ቀሚስ ሰፋሁ። ጥለቱ ደማቅ አይደለም። አጣጥፌ ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከበርበሬው ራቅ አድርጌ አስገባሁት። ሻንጣውን ስትፈትሽ አገኘችው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መሸኛሽ ነው። ይዘሽው ሂጂ። ካዘገዩት ራስሽ ለብሰሽ ትወጫለሽ።»

«እንዴት ያለሽ ባለጌ ነሽ! ሰው ራሱን ይሸኛል?»

«አንቺ ትሸኛለሽ።»

ራሷን ነቀነቀች፣ አንዳንድ ነገር አጉረመረመች፣ ቀሚሱን አውጥታ ስፌቱን አየችው። እጅጌው ላይ አንድ ክር አገኘችና በጥርሷ ቆረጠችው። ከዚያ መልሳ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው፤ ከላይ፣ ቶሎ የሚገኝበት ቦታ።